ይታይሽ

ባዶ ሆዴን መጣሁ፣ ሳይነጋ ከሽምብጥ፣
ቁጥር አርባ ሦስት ይዤ ከአግዳሚው ልቀመጥ።
ውኃ እንደሚቀዳ ሰው ሲሰለፍ እያየሁ፣
ጀሪካኑ ክንዴ፣ እሱን ይዤ ቆምሁ።

ጎረምሳው ባለሙያ የጓንት ላስቲክ ስቦ፣
ክንዴን ጠፍሮ አሰረው በቋጠሮ ከቦ።
‹ይጨብጡ፣ አባቴ› አለኝ፤
ጨበጥሁ።
‹ይልቀቁ፣ አባቴ› አለኝ፤
ለቀቅሁ።
ወጋ። የለም።
መርፌውን አዟዟረ። የለም።
ከግራው ወደ ቀኝ ዞረ፤ ወጋ። የለም።
የሆስፒታሉ ስም ፈለገ ሕይወት፣
ልጁ ፈለገ፣ ፈለገ፣ ላብ ወረደው በፊት።

‹ደም ሥርዎ ይሸሻል› አለኝ አንገቱን ደፍቶ፣
እንደ ዕቃ ሰባሪ፣ እንደ ገንዘብ አጥፍቶ።
እንዴት አይሸሽ በሉ!
አርባ ዓመት መረብ ስጥል በደቅ ማዶ በጀልባ፣
አምባዛው ሲሸሸኝ ጭቃ ውስጥ ሲገባ፣
ያን ሁሉ ሽሽት ያየ፣ ክንዴ ውስጥ ያለው፣
ከዓሣ ተምሮ ነው።

‹ይታይሽን ጥሩልኝ› አለ ልጁ ቢቸግረው።
(ስሟን ስሰማ ሳቅሁ፤ ‹አሜን› አልሁ በሆዴ፤
ስምሽ ይድረስ፣ ልጄ፣ ይታይሽ በክንዴ።)

መርፌ አላነሳችም።
ጓንት ውስጥ ሙቅ ውኃ ከፔርሙስ ሞልታ፣
ያበጡ አምስት ጣቶች እጄ ላይ አስተኝታ፣
‹ውኃስ ጠጥተዋል?› አለች።
አልጠጣሁም።
ጣና ላይ አርጅቼ፣ ጠብታ ሳልቀምስ መጥቼ፣
‹ባዶ ሆድ› ሲሉኝ ውኃም መስሎኝ፣ አፌን ዘግቼ!
ሁለት ብርጭቆ አጠጣችኝ።

ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች።
ያን ጊዜ አመንኋት።
እኛም በጨለማ መረብ የምንስበው በዓይን አይደለም፣ በጣት ነው።
ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን፣
ጣቷ አንድ ቦታ ቆመ።
‹ጥልቅ ናት፤ ግን አለች።›
አባይም እንዲህ ነው ሲሉ እሰማ ነበር፣
ሳይቀላቀል ያልፋል በጣና ሆድ ሥር፤
ከላይ ላየው ሰው ግን ዝም ያለ ባሕር።

‹ቢራቢሮ› አለች።
ጎረምሳው መሳቢያ ከፈተ። አልቋል፤ ከውጭ ይገዛ።
ልጄ አዝመራው አስፋልቱን ተሻግሮ፣
ከዘንባባው ማዶ ካለው መድኃኒት ቤት ደርሶ፣
ተመለሰ እያለከለከ፣ ሁለት ሰማያዊ ክንፍ በወረቀት ይዞ።
‹ስንት ነው?› አልሁት። ‹ተወው› አለኝ።
እኔ ቢራቢሮ የማውቀው በነጻ ነበር።

ክንፎቹን በሁለት ጣቷ ሰብስባ አሳረፈችው፣
የእጄ ጀርባ አበባ ያለበት ይመስል።
ጠባቡ ቱቦ ቀላ።
ጎረምሳው ትንፋሹን ለቀቀ፤
እኔም።
ሦስት ብልቃጥ ሞላች፣ አገላበጠቻቸው፣
ቀይ ክዳን፣ ሐምራዊ ክዳን፣ የቀረውን አላየሁም።
ጥጥ ሰጥታኝ ‹ጫን አድርገው ይያዙት› ብላ
አርባ አራትን ጠራች።

ማታ የተቀደደ መረብ ስጠግን
መርፌው ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀ።
ግራ ክንዴ ጠቁሯል።
ቀኝ እጄ ላይ ግን ያለችው አንዲት ነጥብ ናት፤
መብራት አስጠግቼ ነው ያገኘኋት።
ውጤቱ ለሐሙስ ነው።