ስርጉድ

ከነጋ ጀምሮ አባቴ በጨርቅ ይወለውላታል፣
«ሰይቼንቶ» ነው ስሟ፤ ሲያቆላምጣት «ሰይቾ» ይላታል።
የሎሚ ልጣጭ መልክ ናት።
ከእኔ በአሥር ዓመት ትበልጣለች፣ ሊብሬዋን አይቻለሁ፤
ልጅ ሳለሁ ታላቅ እህቴ ናት ሲሉኝ፣ ምን ላርግ፣ አምኛለሁ።
በሯ ወደ ኋላ ነው የሚከፈተው፣
እንግዳ እጁን ሲሰድ ሁልጊዜ የሚስተው።

አምስት ሆነን ገባን፤ እናቴ ከፊት፣ ቦርሳዋን አቅፋ፣
ፈረንጅ አራዳን ስናልፍ ባጃጁ ሁሉ ጥሩንባውን ነፋ።
እኔና ሙባረክ ከኋላ ተጣጥፈን፣ ጉልበት ከአገጭ ገጥሞ፣
ሐናን ልጄ ከጭኔ ላይ፣ ጥያቄዋ አያልቅም ደግሞ።

ስታዲየሙ ጀርባ ሣሩ ጤዛውን አላራገፈም፣
የማኅበራችን ሰው ግን አንዱም አልቀረም፣ አንዱም አላረፈም።
አቶ ዳንዳና ከተርጫ በነዳው ላንድሮቨር
የዋካን ጭቃ እንደ ሜዳልያ ለጥፎ፣ «አይታጠብም!» ብሎ ሲከራከር፤
የነስሩ ፔጆ ከአጋሮ፣
የሠላሳ ዓመት ቦሎ መስታወቷ ላይ ተደርድሮ፤
ሲስተር ብዙነሽ በቮልሷ፣ ጡረታዋን ለክሮሙ ከፍላ፣
«ከሩቅ እዩዋት» ትላለች፣ በጃንጥላ ከልላ።
አንዱ ከምናለሽ ተራ ያገኘውን የበር እጀታ በመሐረብ ጠቅልሎ
እንደ ቃል ኪዳን ቀለበት ያሳያል፣ «ሁለት ዓመት ፈለግኩት» ብሎ።
«ካርቡራተሩ ያንቀዋል»፣ «ካንዴላ ቀይርለት»፣ «ቺንጋው ላልቷል»፤
ሽማግሎች እንደ ሕፃናት ሐኪም ኮፈን ሥር አንገታቸውን ደፍተዋል።

ዳኛው መጣ፣ አቶ ሽብሩ፣
ነጭ ጓንት አጥልቆ፣ ዝቅ ብሎ እስከ እግሩ።
ቀለሟን አደነቀ፤ ወንበሯን፤ የሞተሯን ንጽሕና።
ከዚያ የግራ ፓራፋንጎዋ ላይ ቆመ።
ስርጉዱ ላይ።
ጣቱን አስገባበት፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ።
«ጋሽ ሲራጅ፣ ይህን ላሜራ ያላስመቱት ለምንድን ነው?
ትንሽ ስቱኮ ቢነካው፣ ዋንጫው የእርስዎ አይደል እንዴ? ይኸው ነው!»

አባቴ እንደ ወትሮው፦ «በሬ ነው። የሰርቦ በሬ። መንገድ ሲሻገር።»

ያን በሬ አውቀዋለሁ፤ ከእኔ ጋር ያደገ፣
አንዴ ቀይ፣ አንዴ ቡሬ፣ በየተረቱ ቀንዱን ያሳደገ።

እናቴ ቦርሳዋን ሣሩ ላይ አስቀመጠች።
«በሬ የለም» አለች።
«እኔ ነኝ።»

የነስሩ ካቻቢቴ በአየር ላይ ቀረ።

«ወባ ጥሎት፣ ሌሊት፣ እያቃዠው፣ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ፣
ዝናቡ ደግሞ የጅማ፣ ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ የሚፈጭ።
መሪ ጨብጬ አላውቅም። እግሩን ግን አውቀዋለሁ፤
ስድስት ዓመት ከጎኑ ስቀመጥ፣ መንገዱን ሳይሆን እግሩን አያለሁ።
ግራው ፍሪሲዮን፣ ቀኙ ነዳጅ፣ መሐሉ ፍሬን፤
የአዌቱ ድልድይ ግንብ በጨለማ መጥቶ ሳመን።
አልቆምኩም።
ሆስፒታል በር ላይ ነው የቆምኩት፣ እሱም ሞተሩ ጠፍቶብኝ።»

«እኔስ?» አልኳት።
«አንቺ? ከኋላ ወንበር፣ ተኝተሽ። ግንቡም አልቀሰቀሰሽ።»

«መንጃ ፈቃድ አልነበራትም» አለ አባቴ፣ ጨርቁን እያጣጠፈ፣
«ትራፊክ ይሰማል ብዬ...» ሠላሳ አራት ዓመት አለፈ!
ያ ትራፊክ ጡረታ ወጥቷል፤
በሬው ግን እስከ ዛሬ አላረፈ።

ዋንጫውን ቮልሷ ወሰደች። ይገባታል።

ሰባት ሰዓት ላይ ሰማዩ ከጅሬን በኩል ጠቆረ፣
ሰው ሁሉ ጃኬቱን ለመኪናው አልብሶ፣ ራሱ ረጥቦ ቀረ።
የእኛዋ እንቢ አለች፤ ቁልፍ ሲዞር ሳል ብቻ።
«እንግፋት!» አባቴ ወደ መሪው ሲያመራ እናቴ ቀደመችው፣
ያን የኋልዮሽ በር ሳትስት ከፈተችው፤
ሐናንም ከጎኗ፣ ማን እንደፈቀደላት እንጃ።

ገፋን። ነስሩ፣ ዳንዳና፣ ሙባረክ፣ ዳኛው ከነጓንቱ፣
ጭቃው እስከ ግንባራችን።
አንዴ አስነጠሳት። ሁለቴ።
ተነሣች!
አልቆመችም እናቴ።
ሜዳውን ዞራ፣ በላንድሮቨሩና በፔጆው መሐል፣ ሞተሩ እያለቀሰ፣
አባቴ ከኋላዋ ይሮጣል፣ ጨርቁን እያውለበለበ፣ እየሳቀ፣ እየረጠበ፦
«ሁለተኛ አስገቢ! ሩቂያ! ሁለተኛ!»

ማርሽ ግን በእጅ ነው።
እሷ ያየችው እግሩን ነው።