የአናማ እፍኝ

ኬረላ፣ ከቦይ ዳር፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣
አናማ ስትነሳ ድስቷን ልትጥድ፣
ከምትቀቅለው ሩዝ አንድ እፍኝ ትዘግናለች፣
ከበር ኋላ ባለ ቆርቆሮ ትጥላለች።
እናቷም እንዲሁ፣ የእናቷም እናት፤
እሑድ ለደብሩ ነው፣ ከዚያ ለጦም አዳሪ ራት።

ቫርኪ የሞተ ለት፣ ከቀብሩ መልስ ገብታ፣
እግዜርን አኩርፋ፣ ጸሎቷንም ትታ፣
አፏ ዝም እንዳለ እጇ ግን ዘገነ፤
ልማድ ይሁን እምነት፣ ለሷም ግልጽ አልሆነ።

ዘንድሮ ጎርፍ መጣ፣ ወለሉ ላይ ዋለ፤
ግማሹ ሩዝ ሻግቶ፣ ግማሹ ግን አለ።
ከዚያው ላይ ዘገነች።
ምራቷ ሊሲ፦ «እማዬ፣ ዘንድሮስ እግዜር ይቅር ይለናል።»
«እሱማ ይለናል። የተራበስ ምን ይላል?»

የሚያሳስባት ሌላ ነው፤ ጣቶቿ ጎበጡ፣
አልታጠፍ ብለው ፍሬዎቹ አመለጡ።
እፍኟ አነሰባት። «ሰረቅኩህ እንዴ?» አለች
ዛሬ ጧት፣ ጮክ ብላ። ቆመች። አሰበች።
መሬት የወደቀውን፣ ተንበርክካ በስንት መከራ፣
አንድ ባንድ ለቀመች፣ ሰባት ፍሬ ቆጥራ፣
እፍኟ ላይ ጨመረች።

ከዚያ ድስቷን ጣደች። እርጥብ ነው እንጨቱ፤
ጎንበስ ብላ እፍ አለች፣ እስኪይዝ እሳቱ።