አራተኛው ሳህን

ሁመይድ የጉድጓዱን ውሃ የሚለካው በምላስ፣
ከቧንቧው አፍ ጎንበስ ብሎ አንዴ ቀመስ፣
ከዚያ እንትፍ። «ዘንድሮም ጨመረ» ይላል።
አባቱ ሲያስቆፍረው ጣፋጭ ነበር ይባላል።
እኛ በሞተር ስንስብ ባሕሩ ከሥር ገባ፣
አጥር ሳይነካ፣ ውሻ ሳይጮህበት፣ እንደ ሌባ።

በኛ አገር አንድ ዘመን ጨው ገንዘብ ነበረ፣
አሞሌ ያለው ሰው በሬ ገዝቶ አደረ።
እዚህ ሱወይቅ ግን ጨው ገንዘብ ይበላል፣
የቴምሩ ጫፍ ይነድዳል፣ ሎሚው ቅጠሉን ይጥላል፣
ማታ ያጠጣሁት መደብ ጠዋት ኖራ መስሎ ይውላል።

ዙወይና ከማስቀት መጣች፣ መነጽሯ አቧራ ለብሶ።
«ሃምሳ ሃምሳ ቁጠርልኝ» ብላ ሽምብራውን ዘረገፈች
በአራት ሳህን።
አንደኛው የጠርሙስ ውሃ፣
መሃል ያሉት ቅልቅል፣
አራተኛው የጉድጓዱ፣ እንዳለ፣ ሳይበረዝ።

በየማለዳው ቆጠርኩ።
አንደኛው በሦስት ቀን አርባ ሰባት ጅራት አወጣ፣
ሁለተኛው ሠላሳ ሁለት፤ ሦስተኛው ዘግይቶ መጣ፣
ዘጠኝ ብቻ፣ አጫጭር፣ ጫፋቸው ቡናማ።
አራተኛው ዝም።
ውሃ ውስጥ ተኝቶ የሚጠማ
አይቼ አላውቅም ነበር።
«ዘሩ ይስባል» አለችኝ፣ «ጨውም ይስባል፣
ገመዱን የሚወስደው ጉልበተኛው ነው።»

ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ
ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል፣ ሲባል ነው ያደግሁት።
ይሄኛው ጣፍጦም ድንጋይ ነው፤
የት እንጣለው?

በአሥረኛው ቀን ሁመይድ ሳህኑን አነሳ፣
ለፍየሏ ሊደፋ።
«ተወው!» አለች። በወንፊት አጠበችው፣
በጠርሙስ ውሃ ዘፈዘፈችው፣
ጨርቅ አልብሳ ሄደች፣ ስልኳን እያወራች።

በሦስተኛው ንጋት ጨርቁን ገለጥ ሳደርግ
የአንዱ ሆድ ተሰንጥቋል፤
ነጭ ነገር፣ እንደ ሕፃን ጥርስ፣ ብቅ ብሏል።
ከጎኑ ሌላ። ከዚያ ወዲያ ሌላ።
ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ትንፋሼን ይዤ፦
አሥራ ዘጠኝ።
ሠላሳ አንዱ ግን ለስልሶ ሸተተ፤
እሱን ፍየሏ በላች።

ሁመይድ ብዙ ዝም ብሎ ቆየና
«አንድ ቦቴ ውሃ አሁን ስንት ገባ?» አለኝ፣
ዋጋውን ከኔ በላይ እያወቀ።

ማታ እህቴ ደወለች።
«አምስት ዓመትህ እኮ ነው፤ ምን አፈራህ?»
«አሥራ ዘጠኝ» አልኳት።
«ምኑ?»
ካርዱ አለቀ።