ገቢና ወጪ

ዱሉት፣ ሐይቁን ቁልቁል በሚያይ ሐኪም ቤት፣
ከምድር ቤቱ ጓዳ፣ የቦይለር ጎረቤት፣
የልገሳ ሒሳብ ጸሐፊ ነኝ እኔ፤
ደብተር ላይ አፍጥጦ የደከመ ዐይኔ።
ሥራዬ መለየት ገቢውን ከወጪ፤
ከላይም ይኸው ነው፦ ታማሚ ከነአምጪ
ይገባል፣ ይወጣል።

ወር በገባ በአንዱ፣ ሳይዘገይ ሳይስት፣
አይሊ ኮስኬላ ከሚሏቸው እናት
የአርባ ዶላር ቼክ ይመጣል በፖስታ፣
ያለ አንድ ማስታወሻ፣ ያለ አንዲት ሰላምታ።
ገመድ ሻጭ ነበሩ ለማዕድን መርከብ፤
ፊርማቸው ቋጠሮ፣ አይፈታም ሲነበብ።

በጥር ወር አረፉ፣ ሐይቁ እንደ ረጋ፤
ቀረ ስል ቼካቸው፣ ኑዛዜው ተዘረጋ።
ጠበቃቸው መጣ፣ ውርጭ አፍንጫውን ልጦ፣
ቤታቸውን፣ ሱቁን፣ ገመዱንም ሸጦ፤
ሦስት መቶ ሺህ ዶላር፤
ቃሉ አንድ መስመር፦
«ሐኪም ለራቀው ሰው የሚሄድ ሐኪም ይማር።»
ቦርዱ በነሐስ ላይ ስማቸውን ሊያስቀርጽ፣
ጠበቃው፦ «አይወዱም፤ ይበቃል ያንቺ ገጽ።

«ወንድም ነበራቸው፣ ኤይኖ የሚሉት፤
ጉሮሮው ተዘጋ፣ አምስት ቀን ጠበቁት።
ከማዕድኑ መንደር እስከ ሐኪሙ በር
አርባ ማይል ነበር፤ መንገዱ አልነበር።»

አርባ! የቼኩን ልክ ያኔ ነው ያወቅሁት፤
ስንት ዓመት ቁጥሩን ያለ ፍቺ ጻፍሁት።

ማርጎ ሳቫርድ ነበረች የገንዘቡ በኩር፤
እኩሌታ ዓመቷን ከእኛ ዘንድ ስታድር፣
እኩሌታው ደግሞ ከሌሶቶ ተራራ፤
ደረሰኟ ይደርሳል ከአቧራው ጋራ፦
«የኦክስጅን ቧንቧ፣ ናፍጣና ባትሪ፤
የፈረስ ኪራይ፣ ሁለት፤ ላንድ ፈረስ መሪ።»
ለፈረስ ኮድ የለንም። ፈለግሁ፣ አጣሁ፤
«መጓጓዣ፣ ልዩ ልዩ» ከሚል ሥር አገባሁ።

በሦስተኛው ዓመት ደብዳቤዋ መጣ፦
«ደረሰኝ አይደለም፤ አንብቡት በጽሞና፣ በዕጣ
ሳይሆን በልባችሁ።
ኮትሶ ራማኔላ፣ ያገሩ ሐኪም ነው፣
ሰባቱን መንደር በፈረስ የሚያዳርሰው።
ያስተማረኝ እዚህ መጽሐፍ ሳይሆን እሱ፤
ለእኔ እሱ ደረሰ፤ ማን ይድረስ ለራሱ?
እኩሌታው ሆኗል፤ እኩል ነው የቀረን፤
ቦታዬን ስጡትና ደግሞ እሱ ያስተምረን።»

ቦርዱ ተሰበሰበ። «ደንብ አለ፣ ወሰን አለ፤
ገንዘቡ ለእኛ ሐኪም ብቻ ነው» ተባለ።
እኔ ድምፅ የለኝም፤ ኑዛዜውን ሰባት
ኮፒ አንሥቼ አኖርሁ በየወንበሩ ፊት።
«ሐኪም ለራቀው ሰው…»
የማን አገር ሐኪም፣ የማን ልጅ፣ አይልም፤
ገመድ ሻጭ ሲቋጥር ለማላላት አይደለም።
ዝም ብለው ቆዩ። አንዱ መነጽሩን ወለወለ፤
ሌላው ደግሞ አነበበ፤ ደግሞ ዝም አለ።
ከዚያ እጅ ወጣ።

ኮትሶ በየካቲት ሻንጣ ይዞ ደረሰ፤
ጓንት ስሰጠው ሳቀ፣ የራሱን ከኪሱ አውጥቶ ለበሰ።
«በረዶ እኛም ጋ አለ፤ ሐይቁን ነው ያላየሁት» አለ፣
መስኮቱ ላይ ቆሞ፣ እንደ ልጅ እያስተዋለ።
ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ ሰሜን ይነዳል፤
ከተዘጋው ጉድጓድ ዳር ክሊኒክ ይከፍታል፤
አራት ዓመት ላልሞላው «አፍህን ክፈት» ይላል፣
ጉሮሮውን ያያል።

ትናንት ደረሰኝ ሰጠኝ፦ ቤንዚን፣ ሰማንያ ማይል፤
አርባው መሄጃ ነው፣ አርባው መመለሻ ይላል።
«ወጪ» ልል ጀመርሁና እርሳሴ ላይ ቆመ ቃሉ፤
የወጣው ቤንዚን ነው፣ እሱስ ለኬላ ለሁሉ
ግልጽ ነው። ግን ያ የገባው?
የገባው ማን ነው? የወጣውስ ከማን በር?

ፈረስ ቢሆን እንኳ ኮዱን አውቅ ነበር።