አባ ኮዳ

ሁዳዴ ተፈትቶ፣ ዶሮው ቀርቦ ለእኛ፣
ሶስና አልቀመሰች፤ አልናት፦ "ጾመኛ"።
ጎረቤት መረቀን፣ "ታድላችሁ" ብሎ፣
እኔም ተኮፈስሁ፣ ልቤ ከፍ ከፍ ብሎ።
የዩኒፎርሟን ወገብ በመርፌ ቁልፍ ስትይዝ
አየሁ።
አላየሁም።

በግንቦት ወደቀች፣ ከትምህርት ቤት በር፤
በራሴ ባጃጅ ነው፣ ከታቦር ተራራ ሥር፣
ሪፈራል ያደረስኋት፣
በየጉድጓዱ ላይ እንደ ባዶ ከረጢት ስትነጥር፣ በአንድ እጄ ይዤአት።

"መድኃኒቷስ?" አልኳት ለዶክተር መሠለች።
ወረቀት አልጻፈች።
"ምግብ ነው" አለችን፣ "ሰጪዎቹም እናንተ፤
በቀን ስድስት ጊዜ፤ እሷ ስትደክም፣ አንተ።
አትለምኑ፣ አትቆጡ፤
ሳህኑ ሳያልቅ ግን ከጎኗ አትውጡ።"
"ጥፋቱ የማነው?" አለች እናትዋ፣ ድምጿ ተሰብሮ።
"ጀልባ ውሃ ሲያስገባ ‘ማን በሳው’ አይባልም፤ ይቀዳል ተባብሮ።"

እናቷ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሱሪ ትሰፋለች፤
የወገቡን ቁጥር በጣቷ ታውቃለች።
አንድ ቀን ትንሿን፣ የመጨረሻዋን ቁጥር ይዛ፣
"ይቺም ትሰፋታለች" ብላ አነባች፣ ማሽኑ ላይ ደንዝዛ።
አሁን ፈረቃዋ ሌሊት ነው፤ ንጋት ላይ ትመጣለች፣
ዓይኗን ውሃ ነክራ ለቁርስ ትቀመጣለች።

የአራት ሰዓቱ የእኔ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር፣ ሸራውን ጋርጄ፣
ከኋላ ወንበር ላይ ሙዝና ወተት፣ ለልጄ።
"አንድ ጉርሻ ያጣላል" ስላት በወጉ፣
"አንዱም አጣልቶናል" አለች፣ ዓይኖቿ ሲወጉ።
"አባ ኮዳ ነህ አንተ! አሞራ ገደል ዓሣ ሲበለት
አንገቱን ቀብሮ የሚቆመው፣ አንጀት እስኪጣልለት!"
ሳቅሁ። ከዚያ አመመኝ። ግን አልተነሳሁም።
ወፉስ ቢሆን፣ ሲያባርሩት፣ ርቆ አይሄድም።

አንድ ማክሰኞ ሚዛኑ ጨመረ፤
የእናቷ እልልታ አፏ ላይ ቀረ፦
ከካልሲዋ ውስጥ የሐይቅ ጠጠር ተንኮሻኮሸ።
ዶክተሯ ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ለቀመች፤
"ይሄ በሽታው ነው፣ ሶስና አይደለችም" አለች።
ዘጠኝ ነበሩ። አንዱን ባጃጁ ውስጥ አኑሬዋለሁ፣
በተናደድሁ ቁጥር እነካዋለሁ።

ዛሬ ሐምሌ ነው፤ ቆርቆሮው ይጮሃል በዝናብ።
የዓሣ ሾርባው ረጋ፣ ጠርዙን ያዘው ስብ።
ስልኬም ይጮሃል፤ ደንበኛ፣ መናኸሪያ ቆሟል። ይቁም።
አርባ ደቂቃ ሆነን። እሷም አትናገር፣ እኔም አልናገርም።
ማንኪያውን አነሳች። አስቀመጠች። አነሳች።
"ቀዝቅዟል" አለች፣
ፊቷን ሳታዞር፣ "አሙቀው።"

ሦስት ክብሪት ሰበርሁ፣ ምድጃውን እስካቀጣጥለው።