ስምንት እጅጌ

ጎንደር፣ ሳምና በር ላይ ነው፣ መሠረት ሲቆፈር፣
ላመስግን ያገኛት ከድንጋይ ሥር፣ ካፈር።
ሌላው አካፋ ሲያነሳ እሱ ኮፍያውን አነሳ፤
ሸፍኖ ወሰዳት፣ «እሜቴ» ብሎ፣ ባንዲት የብስኩት ጣሳ።

ኋላ መተማ ሊወርድ ሆነ፣ ለአሥራ አምስት ቀን ሥራ፤
እኔ ጎረቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ተቀበልኩ የእሷን አደራ።

«ስማኝ» አለ፣ «መጀመሪያ መሬት ላይ ተቀመጥ፤
ከወንበር ብትወድቅ ሆዷ እንደ በሰለ ሾላ ነው የሚፈርጥ።
እጅህን ታጠብ፤ ሽቶ፣ ናፍጣ፣ ሽንኩርት እንዳይሸታት፤
ትንፋሽህን ወደ ጎን፤ ንፋስ ሲነካት ጠላት የመጣ ነው የሚመስላት።
የኋላ እግሯን በቀለም ብሩሽ ነካ፣ ቀስ ብለህ፤
እሷ ትምጣ ወደ መዳፍህ፣ አንተ አትሂድ ጨብጠህ።
የፊት እግሯን ወደ ሰማይ ካነሳች ግን፣ ወንድሜ፣
ምርቃት እንዳይመስልህ፤ ‹ተው› ማለቷ ነው።
ብርጭቆ ድፋባት፣ ካርቶን ከሥር አስገባ፣ መልሳት።
እኔ አንዴ ንቄ ቀምሻለሁ፤ እስከ ብብቴ ነበር ሕመሜ።»

ባንቺአምላክ፣ ያከራየችን፣ ከበሩ ቆማ ሰማች፤
«የሸረሪት ሽንት ከንፈር ያቆስላል» ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣለች።
«ደሞ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የዚች ድሯስ የታል?»
ላመስግን ሳቀ፤ «ጉድጓዷን ታለብሰዋለች፤ ለአንበሳ መች ይተርፋታል?»

ሄደ።

ውሃዋን ቀየርኩ፣ ፌንጣ ጣልኩላት፤
መዳፌን ግን አልዘረጋሁላት።
መርፌ የለመደ ጣቴ ስምንት እግር ፈራ፤
ነገ እይዛታለሁ እያልኩ፣ ነገም ነገን ጠራ።

ዘጠነኛው ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ በስልኬ ባትሪ ሳያት፣
እግሯን ለሰማይ ሰጥታ፣ በጀርባዋ ተንጋልላ አገኘኋት።
የላመስግን ስልክ አይሠራም። ባንቺአምላክ መጥረጊያ ይዛ መጣች፤
«ሞታለች፣ ጣላት፤ ነፍስ ይማርም አያስፈልጋት» አለች።

ላነሳት እጄን ሰደድኩ። ያ ቃል ትዝ አለኝ፦ መሬት ላይ ተቀመጥ።
ተቀመጥኩ፤ እጄን ጭኔ ላይ አጣጥፌ፣ እስከ አውራ ዶሮ ጩኸት ሳልናወጥ።

ሊነጋጋ ሲል ትከሻዋ ላይ ስፌቷ ተተረተረ፤
ለካ ሞት ያልነው የጠበባት ካፖርት ነበረ!
እግር በእግር ከእጅጌው ወጣች፣ ነጣ ብላ፣ እርጥብ፣ አዲስ፤
እንዲህ ያለ ልብስ አወላለቅ አላየሁም፣ በሃያ ዓመቴ፣ ያለ መቀስ።

ላመስግን ሲመለስ፣ ሻንጣውን ሳያወርድ፣ «እህስ፣ ያዝካት?»
ከአዝራር ቆርቆሮዬ አውጥቼ ስምንት እጅጌ አሳየሁት፤
«ልብሷን ብቻ» አልኩት።