ሰባት ፍሬ ቦሎቄ

ካርታው ሰፋ ብሎ ጠረጴዛው ጠበበ፤
አንዱን ጫፍ ጨው ያዘው፣ አንዱ ተሰበሰበ።
ፍራኔ መነጽሩን ባፍንጫው አንጠልጥሎ፣
ቦሎቄ ይደረድራል «ደሴት ናቸው» ብሎ።
ሰባት ፍሬ ቦሎቄ፣ ሰባት ማረፊያችን፤
ከሪየካ ተነሥታ፣ ቀስ እያለች መርከባችን።

«ራብ ላይ ሦስት ሌሊት፣ ህቫር ላይ አራት፤
ቪስ ላይ ሳምንት ይበቃል፣ ለምሳና ለራት።»
እኔ ሲልባን ጨመርኩ፣ መኪና የማይገባት፤
እግር ያለው ይሂዳት፣ ዓሣ ያለው ይብላባት።
የአክስቱ ልጅ ቶንቺ ክፍል አለው ቪስ ላይ፤
ፍራሹ የወታደር፣ ጣሪያው ግን ሰማይ።
ወይን ነው ኪራዩ፤ ገንዘብ ስትሰጠው
«ተሰደብኩ» ብሎ ሳምንት ነው የሚያኮርፈው።
ዱብሮቭኒክ ላይ ብቻ አልተስማማንም፤
«ሰው ይበዛል» አለ። «እኔስ ሰው አይደለሁም?»
ከቦሎቄው ጎን የጥያቄ ምልክት አኑረን
ዓሣ ልንገዛ ወረድን፣ ትንሽ ተኳርፈን።

ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ ባሕር ሠርቷል፤
ወደቦቹን ሁሉ በጆሮው ቆጥሯል።
በዓይኑ ግን አንዱንም አላየም፤
ከሞተር ክፍል ውስጥ ባሕር አይታይም።

«ራብ ማለት» ይለኛል፣ «ደወሉ ሁለት ጊዜ፣
ከዚያ የበጎች ጩኸት፣ ከዚያ ደግሞ ትካዜ።
ህቫር ስንቃረብ በአየር ማስገቢያው
የላቫንደር ሽታ ይወርዳል ከላይኛው፤
ናፍጣና አበባ ባንድ አፍንጫ ሲመጣ
ሰው ይሰክራል ለካ፣ ጠብታ ሳይጠጣ።
ኮርቹላ ገመድ ሳቢው ያፏጫል አንድ ዜማ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ መጨረሻው ሳይሰማ።»

ሽንኩርት እየላጥኩ ነው ይህን ሲያጫውተኝ፤
ሳላስበው አንድ ነገር ካፌ አመለጠኝ።
«ማክሰኞ ማክሰኞ ጥሩምባው ሲጣራ፣
ያስናን ታቅፌ፣ ትቼ የያዝኩትን ሥራ፣
ከፎቁ በረንዳ የትራስ ልብስ ይዤ
አውለበልብ ነበር፣ ባሕሩ ላይ ፈዝዤ።»

መነጽሩን አወለቀ፤ እጁ ካርታው ላይ ቀረ።
«እዚያ ታች» አለኝ፣ «ዝደንካ፣ መስኮት አልነበረ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት! ስንት ትራስ ልብስ ነው?
ለጭስ ማውጫ ኖሯል ሰላምታ የምሰጠው።
ሳቅኩኝ፤ ሳቀ እሱም፤ ዝም አልን ሁለታችን፤
ማንቆርቆሪያው ብቻ ያፏጫል መሃላችን።

ማታ ላይ ልጃችን ከዛግሬብ ደወለች፤
«ስምንት ደሴት በአምስት ቀን፣ ፈጣን ጀልባ» አለች።
«ቁርስ እዚህ፣ ምሳ እዚያ፣ ራት ሌላ ደሴት፤
ፎቶ አንሥታችሁ ትመለሳላችሁ ቤት።»
አባቷ ስልኩን ያዘ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤
«ማን ነው የሚያባርረን?» ሲል ሳቁን ሸሸገ።
«መርከቡ ነው የሮጠው፣ እኔ ሮጬ አላውቅም፤
ተቀምጬ ሳላይ ከወንበሩ አልነቀነቅም።
የገመድ ሳቢውን ዜማ መጨረሻ ላገኘው፤
ሰውዬው ባይኖርም፣ ከልጁ ልለምነው።»

ቱሪስቱ ሲመለስ፣ ባሕሩ ገና ሲሞቅ፣
ክፍል ሲረክስ ነው የኛ ቢጤ ሰው የሚርቅ።
አንድ ሻንጣ ይበቃል፤ የጉልበቱ ቅባት፣
መዋኛው (ይጠበው ይሆናል ምናልባት)፣
ከሁሉ ሥር ደግሞ ነጭ የትራስ ልብስ፣
ለባዶው በረንዳችን ሰላምታ እንዲያደርስ።

በነጋታው ስነሣ ካርታው ላይ አንድም የለ፤
«ደሴቶቹስ?» ብለው፣ «ሾርባ ውስጥ ናቸው» አለ።
እፍኝ ጎድሎበት ነው ካርታውን ያራገፈ፤
አንዱ ግን አምልጦ ከወንበር ሥር አረፈ።
ጎንበስ ብለን አየነው፤ ስም የለውም ቦታው።
«ሦስት ሌሊት?» አልኩት።
«አራት» አለኝ ጌታው።